ሥሩ የሚሰማው ሌላ ነው

ቪታባይ ቦዬ ስትናደድ አትጮህም። ሳሪዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ትታጠቅና ዝም ትላለች። የሚያውቋት ሴቶች ያን ዝምታ ሲያዩ ሥራቸውን ይዘው ዞር ዞር ይላሉ፤ የማያውቃት ደግሞ በረደላት ብሎ ይሞኛል። ፕራታፕ ሞጌ ከሞኞቹ ወገን ነበር።

ፕራታፕ በህንድ አገር፣ ኒፋድ አካባቢ ሁለት የወይን እርሻ አለው፤ አንዱ ከቤቱ በላይ፣ አንዱ ከቤቱ በታች። በጥር መጀመሪያ የላይኛው ሲያምርለት የታችኛው ተበላሸበት። የታችኛው ፍሬ ግማሹ ሽምብራ አክሎ ቀረ። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ሰው እንዲህ ሲሆንበት ወርዶ ያያል፣ ይጠይቃል፣ አፈሩን ይነካል። እሱ ግን ስልኩን አወጣና የአካባቢው የወይን ባለቤቶች ሁሉ በሚሰሙበት ግሩፕ ላይ በገዛ ድምፁ ተናገረ።

«የቪታባይ ሴቶች የፍሬ ማሳደጊያውን መድኃኒት መሬት ላይ ደፍተው፣ ዘለላውን ሳይነክሩ ሄደዋል። የታችኛውን እርሻዬን ገድለውብኛል። ካቦዋን እወቋት፤ ነገ እናንተ ደጅ ትመጣለች» አለ።

ማን ነገረው? ማንም አልነገረውም። ማንስ አይቷል? ማንም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው፤ ግን በዳውላው ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው።

ቪታባይ የአሥራ አራት ሴቶች ካቦ ናት። በሱርጋና ተራራ ሩዙ ታጭዶ ሲገባ በጭነት መኪና ይዛቸው ትወርዳለች። እስከ መጋቢት ከወይኑ አጠገብ በሸራ ዳስ ይኖራሉ፤ የዳጉሳ ቂጣቸውን በተወቀጠ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ይበላሉ፣ በመጋቢት ወደ ተራራቸው ይመለሳሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖራለች። ባሏ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ተራራው ላይ ያላት መሬት ደግሞ ዶሮ ጭራ የምትጨርሰው ነው። ያላት ስሟ ነው። ስሟ የተበላሸ ካቦ በጥቅምት ስልኳ አይጠራም፤ ስልኳ ካልጠራ አሥራ አራት ቤት ከሩዝ እስከ ሩዝ የሚሻገርበት የለውም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ለቪታባይ ግን ስሟ ገና በቁሟ የምትበላው ቂጣ ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ፍሬው እንደ ክብሪት ጫፍ ሲሆን፣ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ፣ መድኃኒቱ በባልዲ ይበጠበጣል። ሴቷ ኩባያዋን ሞልታ ከዘለላው ሥር ወደ ላይ ታነሳለች፤ ዘለላው በሙሉ ይገባል፤ ሁለት ትቆጥራለች፤ ታወርዳለች፤ ሐረጉ የተዘረጋበትን ሽቦ በጣቷ መታ አድርጋ የተንጠለጠለውን ጠብታ ታራግፋለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ ክንድ ወደ ላይ እንደሚነሳ ቆጥሮ የሚያውቅ ባለቤት የለም። ማታ ትከሻው የራስ አይመስልም።

አንድ የራሳቸው ወግም አላቸው። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ያለውን የመጨረሻውን ዘለላ አይነክሩትም። ካንሳሪ፣ የእህል እናት የሆነችው አምላካቸው፣ የሰው መድኃኒት ያልነካው ነገር ይቅርልኝ ትላለች ብለው ነው። የፕራታፕ አባት ነፍሱን ይማረውና «ተዉላት፣ እሷም ትብላ» ይል ነበር። ፕራታፕ ግን በየዓመቱ ያጉረመርማል። «ካንሳሪ ወይን ወደ ውጭ አገር ትልካለች እንዴ?» ይላል።

መድኃኒቱን ቪታባይ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ይህንንም ሰው አያምናትም። ከብዙ ዓመት በፊት ፑሮሂት የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ተመራማሪ ነበሩ። ሦስት የወይን ወቅት የሴቶቹን እጅ ለሙከራ መስመሮቻቸው ቀጠሩ። ቀጭን ብሩሽ ሰጥተው በአንድ ፍሬ ላይ ግማሽ ፊቱን ብቻ ያስቀቧት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ፍሬ በተቀባው በኩል አብጦ፣ ባልተቀባው በኩል ቀርቶ፣ ጉንጩን ንብ የነደፈው ሰው ይመስል ነበር። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«አየሽ ቪታባይ» ብለው ነበር፣ «ይሄ ሆርሞን መንገደኛ አይደለም። ያስቀመጥሽበት ይቀመጣል። ከቅጠል ወደ ፍሬ አይሄድም፣ ከሥር ወደ ቅጠል አይወጣም። የሚሰማው ቆዳው ነው። ፍሬው ውስጡ ማደግ ይፈልጋል፣ ቆዳው እንደ መቀነት አጥብቆ ይዞታል። ለቆዳው ስትነግሪው ይላላል፤ ያኔ ውስጡ ተከትሎ ያድጋል።»

«ሥር ላይ ቢደፋስ፣ ዶክተር?» ብላ ጠይቃቸዋለች።

«ሥር የሚሰማው ሌላ ነው። ተክሉ ራሱ ለሥሩ ቅንጣት ታህል ይሰጠዋል፣ እሷ ትበቃዋለች። ከዚያ ካለፈ ማደጉን ያቆማል። ቤት ውስጥ እንግዳ መጣ ቢባል አንዷ እሳት ልታነድ ትሮጣለች፣ አንዷ ጓዳ ገብታ ትደበቃለች። ወሬው አንድ ነው፣ ሰሚው ነው የሚለያየው።»

ሆርሞኑ በሰውና በከብት ገላ ውስጥም ዘመድ አለው፤ ስቴሮይድ ይባላል ብለዋታል። ለአንድ በርሜል ከአንድ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል፣ ሲበዛ ደግሞ ያበላሻል ብለዋታል። በኋላ ያሳተሙትን ጽሑፍ አምጥተው አሳይተዋት ነበር። የፍሬው ፎቶ አለ፣ የሳቸው ስም አለ፣ የረዳቶቻቸው ስም አለ። ሦስት ወቅት በብሩሽ ፍሬ ስትቀባ የኖረችው ሴት ግን የለችም። ያን ጊዜም ሳሪዋን ጠበቅ አድርጋ ዝም ብላ ነበር።

ወደ ፕራታፕ እንመለስ። ግሩፑ ላይ በተናገረ ማግስት ጠዋት ወደ ዳሱ መጣ። ሴቶቹ ሻይ እየጠጡ ነበር። አንዷም አልተነሳችለትም።

«ቪታባይ፣ ዕቃችሁን ሸክፉ» አለ።

«የላይኛውን እርሻ ማን ነከረው?» አለች ኩባያዋን ሳታስቀምጥ።

«እናንተ።»

«የታችኛውንስ?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ላይ ስትሠሩ እኔ ቆሜ ነበር። ታች ማንም አልነበረም።»

ሳክሪ፣ ከሁሉም አፏ የሚፈጥነው፣ ሻይዋን ፉት አለችና «እሱንም እናቱ ሳትነክረው ነው ያሳደገችው መሰለኝ» አለች። ሴቶቹ አቀርቅረው ሳቁ። የፕራታፕ ጆሮው ቀላ።

«ሳቁ። የፔይንት ሴቶችም አምና ሲስቁ ነበር። ኬሩናና ሲያባርራቸው ሳቁ አለቀ። አንድ ናችሁ፤ ሁላችሁም ያው ናችሁ።»

ይህን ሲላት ቪታባይ ከምንም በላይ ተቃጠለች። የፔይንት ሴቶች ፔይንት ከሚባል ቦታ የሚወርዱ፣ ካቦዋ ቻንድሪ የሆነች ቡድን ናቸው። ኬሩናና፣ ከመንገዱ ማዶ ትልቅ እርሻ ያለው ሰውዬ፣ አምና ዘለላ ሳትነክሩ ቀራችሁ ብሎ አባሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀጠራቸውም። ዘንድሮ ኬሩናና በቻንድሪ ምትክ የወይን ገረዛውን ሥራ ለቪታባይ ቡድን ሰጠ።

«እኛን ከነሱ ጋር አይቁጠሩን» አለች። «እነሱ ሰነፎች ናቸው። እኛ ማን እንደሆንን ያውቃሉ፤ አባትዎም ያውቁ ነበር።»

«አባቴ ሞቷል።»

«እስከ ነገ ይጠብቁኝ» አለች። «ነገ እዚሁ፣ በሴቶቹ ፊት፣ ያጠፋነውን አሳይዎታለሁ። ካጠፋን በእግራችን እንሄዳለን። የጭነት መኪና አልጠይቅም።»

ፕራታፕ ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። እሷም ኩባያዋን አስቀመጠችና ሳሪዋን አጥብቃ ታጠቀች። ሴቶቹ ዞር ዞር አሉ።

ብቻዋን ወደ ታችኛው እርሻ ወረደች። ጠዋት ስለሆነ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። መጀመሪያ የሄደችው ወደ መስመሮቹ ጫፍ ነው፣ ለካንሳሪ ወደ ተተዉት ዘለላዎች። ያልተነከረውን በግራ እጇ፣ ጎረቤቱን በቀኝ እጇ ይዛ ታያለች። ሁሉም ትንሽ ነው፤ እርሻው በሙሉ ታሟል። ነገር ግን በአንዱ ሐረግ ላይ ያልተነከረው እንደ ምስር፣ የተነከረው እንደ ሽምብራ ነው። በሁለተኛው መስመር እንደዚያው። በአሥረኛውም እንደዚያው። ሴቶቹ ነክረዋል። ኩባያው እያንዳንዱን ዘለላ ነክቷል። ካንሳሪ ዘለላዋን የጠየቀችው ለዚህ ይሁን ለሌላ ቪታባይ አታውቅም፤ ለዚያ ጠዋት ግን ምስክር ሆነችላት።

እሷ መች ተጠራጠረች? አልተጠራጠረችም። ሆኖም ስታየው ደስ አላላትም፤ ተናደደች። ማንም ሰው ሃምሳ እርምጃ ወርዶ ሁለት ዘለላ ጎን ለጎን ቢያይ ይህን ያውቅ ነበር። ፕራታፕ እርሻው የራሱ ነው፣ ዓይን አለው፣ እግር አለው። ስልኩን ማውጣት ቀለለው።

ታዲያ እርሻው ለምን ታመመ? ይህን ሳታውቅ መመለስ አልፈለገችም። ዶማ ይዛ ከአንዱ ሐረግ ግርጌ፣ የጠብታ መስኖው ቱቦ ውሃ ከሚያንጠባጥብበት፣ መቆፈር ጀመረች። አፈሩ ጭቃ ነው። ሥሩን ስታገኘው ተቀመጠች። በዚህ ወቅት የወይን ሥር ነጭ ጭራ ያወጣል፣ እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳ። ይሄኛው ጭራ የለውም። ጫፎቹ አጥረው፣ ወፍረው፣ ጠምዘዝ ብለው ቆመዋል። ውሃው እግሩ ሥር ተኝቶ ሐረጉ በጥም የሚጠወልገው ለዚህ ነው፤ የሚጠጣበት አፍ የለውም።

የሽማግሌው ቃል ያን ጊዜ ትዝ አላት። ቱግ ብላ ተነሳችና በቱቦው አቅጣጫ ወደ ፓምፑ ቤት ሄደች።

ፓምፑ ቤት ውስጥ ማዳበሪያ ከመስኖው ጋር የሚቀላቀልበት ሰማያዊ በርሜል አለ። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፤ መድኃኒቱ የሚሟሟበት የስፒሪት ሽታ አልለቀቀውም። ከበርሜሉ ጀርባ ጆንያ ሥር የመድኃኒቱ ትንንሽ ጠርሙሶች ባዷቸውን ተኝተዋል። በባልዲ ለመንከሪያ ከሚወጡት ጠርሙሶች ግማሾቹ እዚህ ናቸው። ቀና ስትል የፕራታፕ እናት ሲንዱ አካ በሩ ላይ ቆማለች። ሃያ ሁለት ዓመት ይተዋወቃሉ፤ ሁለት ልጆቿን በየተራ በቪታባይ ጀርባ አሳዝላለች።

«አካ» አለች ቪታባይ፣ «እዚህ ሲደፋ አይተሻል?»

ሲንዱ አካ የሳሪዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋች። «ውሃው ራሱ ይወስደዋል አለኝ። ሁሉንም በሴቶቹ ከምናስነክር ግማሹን ሥሩ ይጠጣ አለ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቪታ?»

«ግሩፑ ላይ ስሜን ሲያጠፋስ ሰምተሻል?»

«ልጄ ነው።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

 ቪታባይ ጠርሙሶቹን በሳሪዋ ጫፍ ቋጠረችና ወጣች። በዚያች ሰዓት ከልጁ ይልቅ እናቲቱ ናት ያንገበገበቻት። ልጁ ሲነከር ታች አልነበረም፤ እናቱ ግን ያኔ ሁለት ቀን ሙሉ ሴቶቹ ጎንበስ ቀና እያሉ ሲነክሩ አይታ፣ ስማቸው ሲጠፋ አላስተባበለችም።

በማግስቱ ፕራታፕ መጣ። ሲንዱ አካም ራቅ ብላ ከኋላው ቆመች። ሴቶቹ አሥራ አራቱም አሉ። ቪታባይ ወደ መስመር ጫፍ ወሰደችውና ሁለቱን ዘለላ አስያዘችው።

«ይሄ የካንሳሪ ነው፣ ያልተነከረ። ይሄ የኛ ነው። አንድ ናቸው?»

ፕራታፕ አየ። ወደ ሌላ መስመር ሄዶ አየ። «እሺ፣ ነክራችኋል» አለ በመጨረሻ፣ ዕዳ እንደተሰረዘለት ሰው ሳይሆን እንደተጨመረበት ሰው። «ታዲያ ለምን ሞተብኝ?»

«ቆፍር» አለችው፤ ዶማውን ዘረጋችለት።

አንተ ያለችው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሴቶቹ ተያዩ። ፕራታፕም ሰምቷል፤ ግን ዶማውን ተቀበለ። ቆፈረ። ያጠሩትን ሥሮች አወጣ። ከዚያ ምንም ሳትለው ወደ ላይኛው እርሻ ይዛው ወጣች፣ እዚያም አስቆፈረችው። የላይኛው ሥር ነጭ ጭራው ጣቱን ሁሉ ተጠመጠመበት። ፕራታፕ ላቡን ጠረገና ቁጭ አለ። ቪታባይ የሳሪዋን ቋጠሮ ፈታች፤ ጠርሙሶቹ ጭኑ አጠገብ ወደቁ።

«ፍሬ ላይ ስታደርገው ያድጋል። ሥር ላይ ስታደርገው ይቆማል። ይሄን ማንም ያልነገረህ ከሆነ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ከዳሳችን እስከ ቤትህ ስንት እርምጃ ነው?»

«ግሩፑ ላይ ነው ያየሁት» አለ ፕራታፕ፤ ድምፁ ቀንሷል። «በውሃው ስጠው፣ ሴቶቹን ትገላገላለህ ይላሉ። ዘንድሮ በግማሹ ልሞክረውና ከተሳካ...»

«ከተሳካ ከርሞ እኛን አትጠራንም።»

ፕራታፕ ጠርሙሶቹን በእግሩ ገፋ አደረጋቸው።

ሳክሪ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለች። በዚህኛው ግን የሳቀ የለም። ሴቶቹ የተደፋባቸው ውሸት ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ሰውዬው ሊያስወጣቸው ሲሞክር የገዛ እርሻውን ገድሎ፣ ሬሳውን እነሱ ላይ ጭኗል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ በሬው ግን ቢያንስ ገደል ሲገባ ሌላ ሰው ገፋኝ አይልም።

ፕራታፕ ተነሳ። «በቃ፣ ነገሩ ይቅር። አልሄዳችሁም። ከርሞም ትመጣላችሁ፣ ቃሌ ነው። ለሰዉ የአየር ጠባይ ነው እላለሁ።»

«አትልም» አለች ቪታባይ። «ስሜን በድምፅህ ነው ያጠፋኸው። በድምፅህ መልሰው። እዚያው በተናገርክበት፣ አሁን፣ እየሰማሁ።»

«ቪታባይ፣ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«እኔ ሁለት ቀን ምን ሆኜ ነበር?»

ፕራታፕ ወደ እናቱ ዞረ። ሲንዱ አካ የመጣችው ልትከላከልለት ይሁን ወይስ ሌላ ነገር ልትል ማንም አላወቀም። «ተናገር» አለችው ብቻ። ምናልባት ከአንድ ቀን በፊት ብትለው ኖሮ ቪታባይ ይቅር ትላት ነበር።

ስልኩን አፉ አጠገብ ያዘ። «ሰላም ለሁላችሁ። ፕራታፕ ነኝ። የቪታባይ ሴቶች አላጠፉም። ዘለላውን በሙሉ ነክረዋል። መድኃኒቱን በመስኖው ለሥሩ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሥሩን ገድሎታል። ማንም እንዳይሞክረው» አለ። እንደጨረሰ ስልኩን ሊከት ሲል ቪታባይ እጇን ዘረጋች። መልሱን ልትሰማ ፈለገች።

መልሱ ሳይቆይ መጣ። የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ሁለተኛው አንድ ጎልማሳ ድምፅ ነው፤ «አይዞህ ፕራታፕ፣ እኔም በሁለት መስመር ሞክሬው ነበር፣ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም» አለ። ሦስተኛው ሲመጣ ቪታባይ ድምፁን ከመጀመሪያው ቃል አወቀችው። ኬሩናና ነው። ጉሮሮውን እየጠራረገ፣ እየሳቀ ነበር የሚናገረው።

«ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። እኔም አምና ሙሉውን በውሃ ነበር የለቀቅሁት። እንዲህ ያደርጋል ብዬ መች አሰብኩ? የፔይንቶቹ ሴቶች በደሉኝ ብዬ አባረርኳቸው። በል እንግዲህ፣ ያለፈው አለፈ።»

ሳክሪ ወደ ቪታባይ ዞረች። ሌሎቹም ዞሩ። ሁሉም ሰምተዋል፤ ሁሉም አምና ማታ ማታ በዳሱ ደጅ እሳት ከበው ቪታባይ ያለችውን ያስታውሳሉ። «ቻንድሪ ድሮም እጇ ይከብዳታል፤ እንኳን ተባረረች» ብላ ነበር። የቻንድሪን የገረዛ ሥራ ዘንድሮ የሠሩት እነሱው ናቸው። በሽማግሌው የሙከራ መስመር ደግሞ ቻንድሪና ቪታባይ ሦስት ወቅት ከአንድ ባልዲ ነክረዋል።

«ደግመህ አሰማኝ» አለች ቪታባይ። ፕራታፕ አሰማት። ያለፈው አለፈ የሚለው ላይ ሲደርስ ስልኩን መለሰችለት።

ስሟ ተመልሶላታል። በዚያው ቀን ከሁለት ባለቤቶች ስልክ ተደወለላት፤ አንደኛው ከርሞ እንዳትቀሪብኝ አላት። ሴቶቹ ማታ ቂጣቸውን ሲበሉ ዘፈኑ። እሷ ግን አልዘፈነችም። ንዴቱ እንደ ወትሮው በፕራታፕ ላይ ቢሆን ኖሮ ይበርድላት ነበር፤ ይሄኛው ወዴት እንደሚወጣ አላወቀችም። ፕራታፕ ምን አደረገ? ግሩፑ ላይ ባለቤቶች ያሉትን አመነ፣ ወርዶ ሳያይ ሰው ላይ ፈረደ። እሷስ ምን አደረገች?

ሰኞ ሴቶቹ ወደ ገበያ ሲሄዱ እሷ ወደ ፔይንት አውቶቡስ ተሳፈረች። ቻንድሪን ቤቷ አላገኘቻትም። ጎረቤቶቿ ወደ አዲሱ መንገድ ላኳት። ተራራው ተቆርሶ መንገድ በሚሠራበት ቦታ ሴቶች ተደርድረው ድንጋይ ይፈልጣሉ። ቻንድሪ ከመጨረሻ ነበረች፤ ራሷን በጨርቅ ጠምጥማለች፣ ጣቶቿ በላስቲክ ተጠቅልለዋል። ከቪታባይ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ያን ቀን ግን በአሥር ዓመት የምትበልጣት ትመስል ነበር።

«ቪታ ነሽ?» አለች ቀና ሳትል። «ምን ጣለሽ እዚህ?»

ቪታባይ ቆማ ነገረቻት፤ በርሜሉን፣ ሥሩን፣ የፕራታፕን ድምፅ፣ የኬሩናናን ድምፅ። ቻንድሪ እየሰማች ድንጋይ ትፈልጣለች። ሲያልቅ መዶሻውን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ወይኑን የገደለው መድኃኒቱ ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው።»

«ያን ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጥሩ አድርገን ነክረናል ብዬ ለምኜዋለሁ። ሴቶቼ አልቅሰዋል።» የጣቷን ላስቲክ አጠበቀች። «አንቺስ ያን ጊዜ ምን አልሽ? ስለኛ ሰምተሽ ነበር?»

አውቶቡሱ ውስጥ ስታመላልሰው የመጣችው መልስ ነበረ፤ ለዚህኛው ጥያቄ ግን አይሆንም። «ሰምቻለሁ» አለች። «እንኳን ተባረረች ብያለሁ። ሴቶቼ ፊት ነው ያልኩት። ፕራታፕ ከናንተ ጋር ሲቆጥረኝም፣ እነሱ ሰነፎች ናቸው ብዬዋለሁ።»

ቻንድሪ አልጮኸችም። ያንን ጸጥታ ቪታባይ ታውቀዋለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሷ ነበር።

«በኬሩናና አልፈርድም» አለች ቻንድሪ። «እሱ አያውቀኝም። ከወይኑ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። አንቺ ግን ሦስት ዓመት ከኔ ጋር ከአንድ ባልዲ ነክረሻል። እጄን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ» አለች ቪታባይ።

«ታዲያ?»

 ቻንድሪ መልሷን አልጠበቀችም፤ መዶሻዋን አንስታ ሌላ ድንጋይ ወደ እግሯ ሳበችና መፍለጥ ጀመረች። ቪታባይን ቁጭ በይ ያላት የለም፣ ሂጂ ያላትም የለም። ፀሐይ ላይ ቆማ የመዶሻውን ድምፅ ታዳምጣለች፤ የመጨረሻው አውቶቡስ የሚመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው።